«ታሪክ የለውም» የተባለው የቦቴ ፊልም

ባለፈው እትም «ቅዳሜ ማታ ምን እንይ?» ብላ ለጠየቀች አንባቢ ማድ ማክስ 2ን ጠቁሜ ነበር። የጻፍኩት ሦስት መስመር አይሞላም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብዳቤና የቴሌግራም መልእክት ግን ለዚህ ዓምድ ከመጣው ሁሉ በዛ፤ አመስጋኙ ጥቂት፣ ተቆጪው ብዙ። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ስለ አገር ውስጥ ድራማ የጠየቃችሁኝ ታገሡኝ።

ፊልሙን ላላየ በአጭሩ ልንገር። አውስትራሊያዊው ጆርጅ ሚለር ያዘጋጀው፣ በ1981 መጨረሻ የወጣ ሥራ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አክተሩ ሜል ጊብሰን ነው፤ ያኔ ገና ወጣት ነበር። ዓለም በነዳጅ ምክንያት በተነሳ ጦርነት ፈርሳለች። በረሃ መሃል ጥቂት ሰዎች የነዳጅ ጉድጓድና ትንሽ ማጣሪያ ይዘው፣ ዙሪያቸውን አጥረው ተቀምጠዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆዳ የለበሱ ሽፍቶች በሞተር ሳይክልና በተቆራረጠ መኪና ሌት ተቀን ይዞሯቸዋል። ማክስ የሚባል፣ ድሮ ፖሊስ የነበረ ብቸኛ ሰው ቤንዚን ፍለጋ መጥቶ መሃላቸው ይገባል። ጨረስኩ።

*«ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አየነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መኪና ከመኪና ይላተማል። ዋናው ሰውዬ አፉን የሚከፍተው ስንት ጊዜ ነው? እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ቃለ ምልልስ የሌለው፣ ገጸ ባሕርዩ የማይናገር ነገር ታሪክ ሊባል አይችልም። እርስዎ ምኑን ነው የወደዱት?» (መምህር፣ ከደሴ)*

መምህር፣ ንግግሩ ማነሱ እውነትዎን ነው። ጊብሰን በፊልሙ የሚናገረው ሁሉ ቢሰበሰብ ሃያ ዓረፍተ ነገር አይሞላም ይባላል። ከዚያች ላይ ደግሞ የመጣሁት ለቤንዚኑ ነው የምትለዋን ይደግማታል።

ታሪኩ ግን አለ። መክፈቻውን እንደገና ይመልከቱልኝ። ማክስ ካሳደዱት ሽፍቶች አምልጦ መኪናውን ያቆማል። አንድ መኪና ተሰባብሮ ቆሟል፤ ከታንከሩ ቤንዚን ይንጠባጠባል። ሰውዬው የሞተ አለ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ የራሱን ቁስል አይመለከትም። ሮጦ ዕቃ ይደቅናል፤ መሬት የነካውን በጨርቅ እየመጠጠ ይጨምቃል። አንድም ቃል የለም። ዓለም ምን ላይ እንደደረሰች፣ ይህ ሰው ምን ላይ እንደደረሰ አለቀ፤ ተነገረን። የትኛው ቃለ ምልልስ ነው ይህን በዚህ ፍጥነት የሚነግርዎት?

ጠመንጃውንም ያስታውሱ። ማክስ አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ ደግኖ ያንን ባለ ጋይሮኮፕተር (ሄሊኮፕተር መሳይ ትንሽ በራሪ ናት) ያስፈራራዋል፣ ያስረዋል፣ ያሸክመዋል። (ብሩስ ስፔንስ የተጫወተው ነው፤ ያ ረጅሙ፣ ጥርሰ ገጣጣው ሰውዬ።) ቆይቶ ጠመንጃው ባዶ እንደነበረ ይታወቃል። ሰውዬው ይህን ሲያውቅ የሚቆጣው ቁጣ ያስቃል፤ ግን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ተረዳን፦ ጥይት ምን ያህል ውድ እንደሆነች፣ ማክስ ምን ያህል ቀጣፊ እንደሆነ፣ በዚህ ዓለም ላይ ሰው የሚገዛው በእውነተኛ ኃይል ሳይሆን ኃይል ያለው በመምሰል እንደሆነ። የምግቡም ነገር እንደዚያው ነው። ማክስ የውሻ ምግብ ከቆርቆሮ በማንኪያ ይበላል፤ ባለ ጋይሮኮፕተሩ ምራቁን እየዋጠ ያያል፤ ተራው ግን ከውሻው ኋላ ነው።

ከሁሉ የምወድለት ደግሞ ያቺ በእጅ የምትዞር ትንሽ የሙዚቃ ዕቃ ናት። ማክስ ከሞተ ሹፌር ላይ ያገኛታል፣ ይይዛታል፣ ኋላ ለዚያ ዱር ላደገ ሕፃን ይሰጠዋል። ሕፃኑ ሲስቅ የማክስ ፊትም ለአንድ አፍታ ይፈታል። በመጀመሪያው ፊልም ሚስቱና ትንሽ ልጁ እንደተገደሉበት ለሚያውቅ ተመልካች ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እዚያች ላይ አንድ ገጽ ለቅሶ ያስነግረን ነበር።

እኔ ጸሐፊ ከመባሌ በፊት ካዛንቺስ የቪዲዮ ካሴት አከራይ ነበርኩ። «ንግግር ይበዛዋል ወይስ ሥራ ይበዛዋል?» ብለው ጠይቀው ነበር ደንበኞቼ ካሴት የሚወስዱት። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው ወሬ የበዛበት ፊልም ዕዳ ነው። ማድ ማክስ 2ን የወሰደ ሰው ግን ካሴቱን ሲመልስ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ይተርክልኝ ነበር፤ ማን ማንን እንዳታለለ፣ ማን ለምን እንደሞተ። አንድ የጋራዥ ሠራተኛ ባንኮኒው ላይ በክብሪት ቀፎ የሚሳደደውን የነዳጅ ቦቴ፣ በክብሪት እንጨት ሞተር ሳይክሎቹን አሰልፎ የመጨረሻውን ማሳደድ አሳይቶኛል፤ አንዲት መኪና አላሳሳተም። ሚለርም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ጃፓን ያለ ተመልካች የግርጌ ጽሑፍ ሳያነብ የሚገባውን ፊልም ልሥራ የሚለውን የዳይሬክተሩን የሂችኮክን ሐሳብ ደጋግሞ የሚያነሳ፣ እንደ ባስተር ኪተን ያሉትን የድምፅ አልባው ዘመን ሰዎች እንደ መምህሮቹ የሚቆጥር ሰው ነው።

ድክመት አልፈለግሁበትም ብለው እንዳይሉኝ፦ የሰፈሩ መሪ ፓፓጋሎ ማክስን ይዞ የሚመክርበት ትዕይንት ይጎትታል። አንተም አዝነሃል እኛም አዝነናል ዓይነት ንግግር ነው። ልብ ይበሉ መምህር፣ ይህ ፊልም ድክም የሚለው ሲናገር ነው።

*«የ2015ቱን ማድ ማክስ፣ ፉሪ ሮድ የሚባለውን አይቼ ነው ወደ አሮጌው የተመለስኩት። እውነቱን ልንገርህና ቀርፋፋ ሆነብኝ። ደግሞ ያ አየር ላይ እየተገለባበጠ የሚወረወረው ሞተረኛ አሻንጉሊት ነው አይደል? ያስታውቃል።» (የኮሌጅ ተማሪ፣ ከሐዋሳ)*

አያስታውቅም፤ ምክንያቱም አሻንጉሊት አይደለም። ጋይ ኖሪስ ይባላል። ሞተር ሳይክሉ መኪናውን ሲመታ እሱ በላይ አልፎ የካርቶን ክምር ላይ እንዲያርፍ ነበር የታሰበው። ሲወረወር እግሩ መኪናውን ነካ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው አይተኸዋል። ጭኑ ተሰበረ። ቀረጻው ፊልሙ ውስጥ ቀረ። ይህ ልጅ አድጎ ምን ሆነ ብትለኝ፣ አንተ ያደነቅኸውን የ2015ቱን ፊልም የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ሥራ በሙሉ የመራው እሱ ነው።

ቦቴው የሚገለበጥበትም እውነተኛ ነው። መሪውን የያዘው ዴኒስ ዊሊያምስ የሚባል ሹፌር ነበር፤ ከ12 ሰዓት በፊት ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ ታዘዘ፤ ቢጎዳ ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል እንዲገባ። በሰላም ወጣ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ዳይሬክተር ሲሰጥ ብትሰማ እንዳይገርምህ፦ ሚለር የሕክምና ዶክተር ነው። ፊልም ከመጀመሩ በፊት ሲድኒ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ሠርቷል፤ መኪና ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያየው ጠረጴዛ ላይ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ አደጋው የሚያምምህ ለዚህ ይመስለኛል። በሌላው አክሽን ፊልም መኪና ሲፈነዳ ታጨበጭባለህ፤ እዚህ ላይ ትከሻህን ትይዛለህ።

ቀርፋፋ ስላልከው ግማሽ መንገድ እመጣልሃለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ማክስ ኮረብታ ላይ ተኝቶ በመነጽር ወደ ታች ያያል፤ ያያል፤ ያያል። አንተ እዚያ ላይ ስልክህን አወጣህ መሰለኝ። እኔ ግን እላለሁ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ማሳደድ ልብህን የሚያስመታው በዚያ መጠበቅ ነው። መልክዓ ምድሩን፣ ማን የት እንደቆመ፣ በሩ የት እንደሆነ ቀድመህ አጥንተሃልና አንዲት መኪና ስትዞር አትጠፋብህም። የዛሬዎቹ ፊልሞች ይህን ጥናት ይዘሉትና መሃል ላይ ማን ማንን እንደመታ ያደናግሩናል። ፉሪ ሮድ አያደናግርም፤ እሱም የዚሁ ሽማግሌ ሥራ ስለሆነ ነው፤ ስድስቱን ኦስካርም በነጻ አልወሰደውም። አሮጌው ላይ የማይወደድልኝ ሌላ ነው። ሚለር ፍጥነት ለመጨመር ካሜራውን ቀስ እያደረገ ይቀርጽና በተለመደው ፍጥነት ሲያሳየው መኪናው ይበራል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ዘዴው ይነቃበታል፤ ሰዎቹ እንደ አሮጌ የቻርሊ ቻፕሊን ፊልም ይንቀጠቀጣሉ።

*«ጅቡቲ መንገድ ላይ ቦቴ እነዳለሁ። ፊልሙን ረዳቴ ስልኩ ላይ ጭኖት አዋሽ አድረን አየነው። ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛ፣ ነዳጅ በጠፋበት ዓለም ነዳጅ ለመንጠቅ ያን ሁሉ ነዳጅ ሲያቃጥሉ ይውላሉ፤ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው? ሁለተኛ፣ ሙሉ ቦቴ እንደዚያ ተንከባሎ እሳት አይነሳም? እኛ ብንሆን ኖሮ ጫማችንም አይገኝ።» (ሹፌር፣ ከአዳማ)*

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ልጀምርና፣ ፊልሙን ያላያችሁ አንባቢዎች ይህን መልስ ዝለሉት፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።

እሳት ያልተነሳው ነዳጅ ስለሌለበት ነው። ረዳትህ መጨረሻዋን ሳያሳይህ ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል። ቦቴው ተገልብጦ ሲቆም ማክስ ከጋቢናው ይወጣል፤ ከታንከሩ የሚፈሰው አሸዋ ነው። ማክስ መዳፉን ደቅኖ ያየዋል፤ ፈገግ ይላል። እውነተኛው ነዳጅ በበርሜል ተሞልቶ የሰፈሩ ሰዎች በሌላ አቅጣጫ ባመለጡበት መኪና ውስጥ ነበር። ሽፍቶቹ ግን ቦቴውን ተከትለው ሄዱ። ለማክስ ማንም አልነገረውም። አክተሩ ማታለያ ሆኖ አገለገለ ማለት ነው። በሕይወቴ ካየኋቸው የአክሽን ፊልሞች ውስጥ አክተሩ እንዲህ የተሞኘበት፣ ተሞኝቶም የሳቀበት ሌላ አላውቅም።

አንተ ግን ያላነሳኸው ሌላ ችግር አለ፤ ከሹፌር እጠብቀው ነበር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ከአንድ ተኩል ኪሎ አይወርድም። እንግዲህ ያ ማክ አር 600 የሚባለው ከባድ መኪና ተሳቢውን አሸዋ ሞልቶ ከሆነ የሚጎትተው ከተለመደው ጭነቱ እጥፉን ነው። መሪውን የያዘ ሰው ገና ከበሩ ሳይወጣ፣ ማርሽ ሲቀይር ክብደቱ ይነግረዋል። ማክስ ግን ፖሊስ እንጂ የከባድ መኪና ሹፌር አልነበረም ብለን እንለፈው። አንተ ብትሆን ግን በስንተኛው ኪሎ ሜትር ትነቃ ነበር? ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሂሳቡ አይሠራም፤ ፊልሙም የሚለው እንደማይሠራ ነው። ይህ ታሪክ ከየት እንደመጣ ብታውቅ ይገባሃል። በ1973 የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካና ለአጋሮቿ አንሸጥም አሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የበርሜል ዋጋ አራት እጥፍ ሄደ። በ1979 የኢራን አብዮት መጣና ገበያው እንደገና ተናወጠ። የመጀመሪያውን ማድ ማክስ ከሚለር ጋር የጻፈው ጋዜጠኛው ጄምስ ማክካውስላንድ ኋላ በ2006 እንደጻፈው፣ የፊልሙ ሐሳብ የመነጨው በዚያ ዘመን የአውስትራሊያ ሰው ታንከሩን ለመሙላት ምን ያህል እንደሚከፋ ካየበት ነው። ሰልፍ ጥሶ ከፊት ለመግባት የሞከረ ሰው ይደበደብ ነበር። ማደያ ላይ ሌሊቱን ተሰልፎ ላደረ ሹፌር ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሽፍቶቹን ደግሞ ልብ ብለህ እያቸው። ነዳጁን የሚፈልጉት የት ለመሄድ ነው? የትም። የሚሄዱበት የላቸውም። ሰፈሩ ውስጥ ያሉት ግን የባሕር ዳርቻ የታተመበት ፖስትካርድ ይዘዋል፤ ወደ ሰሜን፣ ወደዚያ ለመድረስ ነው ነዳጅ የሚያጠራቅሙት። ሽፍቶቹ ቤንዚን የሚያቃጥሉት ቤንዚን ለማግኘት፣ የሚያገኙትም ለማቃጠል ነው። አንተ «ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?» ያልከው የፊልሙ ዋና ነገር ነው፤ ብዙ ሃያሲ ሳያየው ያለፈውን አዋሽ ላይ ሆነህ አይተኸዋል።

*«ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ስለ መኪና ሲወራ ያብዳል። ይህን ፊልም እንድፈቅድለት ይለምነኛል። ዋናው ሕፃን ልጅም ስላለበት የልጆች ነው ይለኛል።» (እናት፣ ከባሕር ዳር)*

አይሆንም እህቴ። ያ «ሕፃን ልጅ» የብረት ቡሜራንግ (ሲወረወር ዞሮ የሚመለስ መሣሪያ) ወርውሮ ሰው ይገድላል፤ ያንን ቡሜራንግ ለመቅለብ የሞከረ ሽፍታ ደግሞ ጣቶቹን ያጣል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። መጀመሪያ አካባቢ ከሩቅ በመነጽር የሚታይ የመድፈር ትዕይንት አለ። ውሻውም ይሞታል፤ ለልጅዎ ከሰው ሞት የሚብሰው ይህ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይገባ በሚያደርገው ደረጃ ነው የታየው። ከእሱ በፊት የነበረው የ1979ኙ ደግሞ ኒውዚላንድና ስዊድን ውስጥ ታግዶ ነበር፤ በገዛ አገሩም ፊሊፕ አዳምስ የተባለው ዝነኛ ሃያሲ አምርሮ አውግዞታል። እኔ ውግዘቱ ተጋንኗል ባይ ነኝ፤ ግን ለ12 ዓመት ልጅ አይደለም። ለመኪናው ጥም ከሆነ የማክስን ጥቁር መኪና ፎቶ ያሳዩት፦ የ1973 ፎርድ ፋልከን፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ኮፈኑን ቀዶ የወጣ ሱፐርቻርጀር ያለው። ግድግዳው ላይ ይለጥፈው።

*«ፉትስክሬይ ነው የምኖረው፣ ሜልበርን። የተቀረጸበትን ቦታ ማየት ይቻላል? ከዚህ ስንት ይርቃል?» (አንባቢ፣ ከአውስትራሊያ)*

ይቻላል፤ ግን ጉዞው ረጅም ነው። ሁለተኛው ፊልም የተቀረጸው በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ብሮክን ሂል የምትባል የማዕድን ከተማ አካባቢ ነው። ከአንተ በመኪና ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከብሮክን ሂል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ሲልቨርተን የምትባል ሰው የሌለባት ልትባል የምትችል መንደር አለች፤ ከ2010 ጀምሮ ለዚህ ፊልም ብቻ የተሠራ ሙዚየም አላት። ከዚያ አልፎ ሙንዲ ሙንዲ የሚባለው ሜዳ ነው፤ አድማሱ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ሆኖ ታየዋለህ። በአውስትራሊያ በጋ አትሂድ፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ፊልሙ የተቀረጸው በክረምት ነው፤ ያ ሁሉ ደረቱን ገልጦ የሚጋልብ ሽፍታ ብርድ እየመታው ነው።

ቤንዚን ለመቆጠብ ከፈለግህ ደግሞ የመጀመሪያው ፊልም እዚያው ደጅህ ላይ ነው የተሠራው። ሊትል ሪቨር አካባቢ ያሉት ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ሽፍቶቹ የሚያምሱት ያ የክሉንስ መንደር፣ ሁሉም ከሜልበርን በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባቸው ናቸው። ሚለር ለ2015ቱም ወደ ብሮክን ሂል ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ያልታሰበ ዝናብ ዘነበና በረሃው አበባ አበበ፤ ለዓለም መጨረሻ አልሆን አለ። ናሚቢያ ሄዶ ቀረጸው።

*«እኔ በ80ዎቹ ዋሽንግተን ያየሁት ፊልም ‹ሮድ ዋሪየር› ይባላል። ያው ነው ወይ? ደግሞ ሴቶቹ ለምንድን ነው እንዲህ የተረሱት? የ2015ቱ ላይ እኮ ሴቷ ናት አክተሯ።» (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

ያው ነው። የመጀመሪያው አሜሪካ ሲገባ አከፋፋዮቹ የአውስትራሊያውን አነጋገር ሰው አይሰማውም ብለው በአሜሪካኖች ድምፅ ተክተውት ነበር፤ የጊብሰንን ሳይቀር። ብዙ ሰውም አላየውም። ሁለተኛው በ1982 ሲመጣ ታዲያ ያልታወቀ ነገር ሁለተኛ ክፍል ነው ብሎ መሸጥ አይሆንምና ስሙን ቀየሩት።

ስለ ሴቶቹ ትክክል ነሽ። ቨርጂኒያ ሄይ የተጫወተችው ተዋጊ ሴት አለች፤ ቀስት ይዛ አጥሩ ላይ ስትቆም ፊልሙ የእሷ ሊሆን የሚችል ይመስላል። ከዚያ ቦቴው ላይ ትሞታለች፤ ፊልሙ ዞር ብሎም አያያት። ስሟን እንኳ አልነገሩንም። ሚለር ይህን ዕዳ በኋላ ከፍሏል ባይ ነኝ፤ ፉሪዮሳ የምትባለውን ሴት የ2015ቱ ላይ ባለ መሪ አደረጋት፣ በ2024 ደግሞ የራሷን ፊልም ሰጣት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጅቶበታል።

ሳትጠይቂኝ አንድ ሴት ግን ልጨምርልሽ፦ አልባሳቱን ያዘጋጀችው ኖርማ ሞሪሶ። የስፖርት ትከሻ መከላከያ፣ ላባ፣ ቀበቶ፣ ለሽፍቶቹ አለቃ ለሁሙንገስ የሆኪ በረኛ የሚመስል የብረት ጭንብል። ከዚያ በኋላ የመጣ የዓለም መጨረሻ ፊልም፣ የቪዲዮ ጌምም ሳይቀር፣ ሰዎቹን የሚያለብሰው የእሷን ልብስ ነው።

አጫጭሮቹን በአንድ ትንፋሽ ልመልስ። ሙዚቃውን የሠራው ብራያን ሜይ የኩዊን ባንድ ጊታሪስት አይደለም፤ ስም ይመሳሰላል እንጂ ይኼኛው አውስትራሊያዊ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ነው። ሲጀምርም ሲጨርስም የሚተርከው ሽማግሌ ድምፅ የማን ነው ላላችሁኝ፣ የዚያ ቡሜራንግ ወርዋሪ ሕፃን ነው፤ አድጎ፣ የነገዱ መሪ ሆኖ። ሕፃን ሳለ የሚያጉረመርመው ልጅ ፊልሙን በሙሉ የሚተርክ መሆኑ ለደሴው መምህር ተጨማሪ መልስ ይሁንልኝ። የማክስ እግር ላይ ያለው ብረት ለጌጥ አይደለም፤ በመጀመሪያው ፊልም ጉልበቱን በጥይት ተመቷል። ውሻው ስም የለውም፤ በቀረጻው ወቅት የሞተር ድምፅ ስለሚያስደነግጠው ጆሮው ይደፈንለት ነበር። ወጪውን ለጠየቃችሁኝ፣ 4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ከ400,000 አይበልጥም ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ግን ከ100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አስገብቶ፣ ከወጪው አንጻር እጅግ አትራፊ ፊልም ተብሎ በጊነስ መዝገብ እስከ 1999 ቆይቷል።

*«ልጄ፣ እኔ ሦስቱንም በዘመናቸው ያየሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ጫጫታ ነው። ሦስተኛው፣ ቲና ተርነር ያለችበት፣ እሱ ነው ፊልም። ከተማ አለው፣ ሕግ አለው፣ ሕፃናት አሉት።» (ጡረተኛ፣ ከጎንደር)*

አባባ፣ እጅ ነስቼ እከራከርዎታለሁ። የ1985ቱ መጀመሪያው ጥሩ ነው። ያች በአሳማ ኩስ ጋዝ የምትንቀሳቀስ ከተማ፣ ያ ሰው ተንጠልጥሎ የሚዋጋበት ጉልላት፣ ሁሉም አሪፍ ነው። ሕፃናቱ ሲመጡ ግን ፊልሙ ጥርሱን አወለቀ። ማክስ አባት ሆነ፣ ተስፋ ሆነ፣ ብዙ መናገር ጀመረ። በሁለተኛው ለአንድ ሕፃን ያቺን የሙዚቃ ዕቃ ሰጥቶ ዝም ያለው ሰው በሦስተኛው መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ።

ምክንያት አለው ብዬ አስባለሁ። የሚለር ወዳጅና የሁለቱ ፊልሞች ፕሮዲውሰር ባይረን ኬኔዲ በ1983 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ሚለር ሦስተኛውን ብቻውን አልሠራውም፤ ጆርጅ ኦጊልቪ የሚባል ዳይሬክተር አብሮት ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሥራ እንደሆነ ሳውቅ የለሰለሰበት ቦታ ላይ ብዙ አልጨክንበትም። ቢሆንም ከሁለተኛው አይበልጥም።

በቲና ተርነር ዘፈን ግን ከእርስዎ ጋር አልከራከርም፤ ካሴት ቤቴ ውስጥ ከፊልሙ ይልቅ የሚጠየቀው ዘፈኑ ነበር።